የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የሕይወት ታሪክና የሴቶች መብት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ የመታሰቢያ መጽሔት እንዲታተም በተወሰነ ጊዜ፥ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጽሑፍ እንዲቀርብ ተጠይቆ ነበር። እኛም የመረጥነው የአንዲት ኢትዮጵያዊት እመቤት ታሪክ ነው። እኒህም እመቤት ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የተቀመጡት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ ናቸው።

ስማቸውን የማያውቅ የለም። በአዲስ አበባ ከተማ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ በታሪክ መጻሕፍትም ውስጥ ሥዕላቸው ከነዘውዳቸው ይታያል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘውዳቸውን ነው እንጂ ኑሯቸውን አይደለም። ስለ ሴቶች መብት በተነሣ ቁጥር፥ ኢትዮጵያ ገና ዱሮ ሴት ያነገሠች አገር ስለ ሆነች የሴት እኩልነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም የሚል ክርክር ይሰማል። ይህ ክርክር እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመረዳት የንግሥቲቱን ሕይወት ከልደታቸው እስከ ዕረፍታቸው ተከትሎ መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የአውሮጳ ሲሆን ግን ለይተን እናመለክታለን።

ዘውዲቱ የተወለዱት ሚያዝያ 22 ቀን 1868 ዓ.ም. ነው። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ይባላል። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፥ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። እናታቸው ደግሞ ከወሎ ባላባት ወገን የተወለዱ ወይዘሮ ነበሩ። እንግዲህ ንግሥቲቱ በአባታቸው ሸዌ፥ በእናታቸው ወሎዬ ናቸው ማለት ነው።

ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በእናታቸው በኩል ብቻ አይደለም። ምኒልክ ገና ልጅ ሳሉ ዓፄ ቴዎድሮስ ማርከው ከወሰዷቸው በኋላ፥ ከእኛ ደጋ ብዙም በማይርቀው በመቅደላ አምባ ይኖሩ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው በወጡ ጊዜ የተቀበለቻቸው የወሎ ገዥ የነበረችው ወርቂት ናት። በዚያን ጊዜ የወርቂት ልጅ በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። እርስዋም ምኒልክን በደኅና ወደ ሸዋ ሸኘች፤ ቴዎድሮስ ግን በንዴት ልጅዋን ከሌሎች እስረኞች ጋራ ገደሉት። ያቺ እናት በልጅዋ ሞት የከፈለችው ዋጋ ባይኖር ኖሮ፥ ምኒልክ ወደ ሸዋ መድረሳቸውና የዘውዲቱ መወለድ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ወሎ ሴት ስትገዛ ያየው ከዘውዲቱ በፊት ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ዘውዲቱ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፥ በ1875 ዓ.ም.፥ ለዓፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው የሁለት ቤተ መንግሥቶች ስምምነት ማሰሪያ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋግተው ነበርና ዓፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ። ወሎም ከምኒልክ እጅ ወጥቶ ለአርአያ ሥላሴ ተሰጠ፤ ምኒልክም ልጃቸውን ለዚሁ ለአርአያ ሥላሴ ዳሩ። አገር ሲሰጥና ልጅ ስትዳር ነገሩ የተፈጸመው በአንድ ስምምነት ነበር። አገሩም ሕፃኒቱም አልተጠየቁም።

ይህን ስናነብ የዛሬ ሰው ሊደነቅ ይችል ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ግን እንግዳ ነገር አልነበረም። የባላባት ልጅ ለእርቅና ለወዳጅነት፥ የገበሬ ልጅ ለመሬትና ለዝምድና በሕፃንነትዋ ትዳር ነበር። የንጉሥ ልጅ መሆን ከዚህ ልማድ አላዳነም፤ እንዲያውም የንጉሥ ልጅ ስትሆን ጉዳዩ የመንግሥት ጉዳይ ይሆንና የሚማልድላት ሰው እንኳ አታገኝም።

ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ዘውዲቱ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ባል የሞተባቸው ሆነው ወደ አባታቸው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብተው ትዳራቸው አልጸናም። የወለዱትም ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰላቸውም። በመጨረሻ በ1892 ዓ.ም. ገደማ የየጁው የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፥ የእቴጌ ጣይቱም የወንድም ልጅ የሆኑትን ጉግሣ ወሌን አገቡ። ይህ ጋብቻ እንደ ፊተኞቹ ሁሉ በቤተ መንግሥት የታሰበ ቢሆንም፥ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ጸሎትና የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ወዳዶች ስለ ነበሩ ተስማምተው ይኖሩ እንደ ነበር ይነገራል። ይህንን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዓፄ ምኒልክ በደዌ ከተያዙ በኋላ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሻቸው የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ እንዲሆኑ ታወጀ። ልጅ ኢያሱ የዘውዲቱ እኅት የወይዘሮ ሸዋረጋና የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት የቀረች ትልቅ ሴት ልጅ ሳለቻቸው ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወንድ ልጅ መመረጡ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አላስደነቀም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ካረፉ በኋላ፥ ዘውዲቱ ከቤተ መንግሥት ርቀው ከባላቸው ጋራ ፋሌ በተባለው ርስታቸው ተወስነው ተቀመጡ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ልጅ ኢያሱ ከሸዋ መኳንንትና ከቤተ ክህነት ጋራ ተጣሉ፤ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለውም ተከሰሱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀን መኳንንቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። በዚያው ቀን ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ እንዲሆኑ ተወሰነ።

የዚህን ውሳኔ አዲስነት ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። ከዘውዲቱ በፊት በአገራችን ኃይል የነበራቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ከእኛ ከቦረና ዓባይን ሲሻገሩ በጎጃም የምትገኘውን መርጡለ ማርያምን ያሳነጹት ንግሥት እሌኒ፥ በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ፥ በምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ የመንግሥትን ሥራ በእጃቸው ይዘው ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የገዙት ወይ በባል፥ ወይ በልጅ፥ ወይ በልጅ ልጅ ስም ነው። የነገሥታቱ ዘር የሚመካበት ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፥ ንግሥተ ሳባ ከእንግዲህ ሴት በኢትዮጵያ እንዳትነግሥ እንደ ወሰነች ይተርካል። ዘውዲቱ ግን በራሳቸው ስም ዘውድ ጫኑ። እቴጌ የሚለው ስም ለንጉሥ ሚስት የሚሰጥ ስለ ሆነ ለእርሳቸው አልበቃም፤ ንግሥተ ነገሥታት የሚል ማዕርግ ተሰጣቸው።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ዘውዱ ከነዕዳው ነበር። መኳንንቱ ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ ወገን በመሆናቸው ኃይል እንዳያገኙ ፈሩ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለዩ ግድ ሆነ፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እንዲገዙ ወደ ጎንደር ተላኩ። የጸናው ትዳራቸውም በዚሁ ፈረሰ። ከዚህ በኋላ ንግሥቲቱ ባል ሳያገቡ ኖሩ።

ይህን ከአልጋ ወራሹ ጋራ ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። የራስ ተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን አስፋው የልጅ ኢያሱ እኅት ልጅ፥ የንጉሥ ሚካኤልም የልጅ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል በደሴ ከተማ በስማቸው በሚጠራው ትምህርት ቤት ምክንያት በወሎ ሁሉ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ የአልጋ ወራሹ ሚስት ከተሻረው ንጉሥና ለጦርነት ከሚዘጋጀው ከወሎ ቤት የተወለዱ ነበሩ። ሆኖም ራስ ተፈሪ ከባለቤታቸው ጋራ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ወንዱ ሥልጣኑን ከትዳሩ ጋራ ሲይዝ፥ ሴቲቱ ዘውድን ለመጫን ትዳርዋን ከፈለች። በእኛ አስተያየት የሕይወታቸው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የኢያሱ መሻር ወሬ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በቶራ መስክ በተደረገው የመጀመሪያ ውጊያ የወሎ ጦር አሸነፈ፤ የሸዋው አዛዥ ራስ ልዑል ሰገድም ሞቱ። ነገር ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ታላቅ ጦርነት የወሎ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በ1910 ዓ.ም. በግዞት እንዳሉ ዐረፉ። በሰገሌ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺሕ ሰው አልቆአል፤ ከወሎ ደጋም ሄዶ ያልተመለሰው ቍጥሩ ብዙ ነው። እንግዲህ በእናታቸው ወሎዬ የሆኑት ንግሥት ዘውዳቸው የጸናው በወሎ ሰዎች ደም ነው። ይህን የምንጽፈው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ዙፋን የሚገኘው በሕዝብ ምርጫ ሳይሆን በጦር ሜዳ እንደ ነበረ ለማስረዳት ነው። ሕዝቡ ወንዱም ሴቱም ማን ይንገሥልህ ተብሎ አልተጠየቀም።

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። ዕድሜያቸውም አርባ ዓመት ነበር።

በዘመናቸው የመንግሥቱ ሥራ በሁለት ተከፍሎ ነበር። ዙፋኑ የንግሥቲቱ ነው፤ የዕለት ሥራውና ከውጭ መንግሥታት ጋራ የሚደረገው ንግግር ግን በአልጋ ወራሹ እጅ ነበር። ንግሥቲቱን ይደግፉ የነበሩት ታላላቅ ሰዎች የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እርሳቸው የቀድሞውን ሥርዓት ይወዱ ነበር፤ ጾምና ጸሎት ያዘወትሩ፥ አብያተ ክርስቲያናትንም ያሠሩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ለአባታቸው መቃብር ያሠሩት በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚገኘው የታእካ ነገሥት በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

በንግሥናቸው ዘመን የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚሁ ዓመት የባሪያ ንግድን የሚከለክልና ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን መንገድ የሚወስን አዋጅ ወጣ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ.ም. ጋዜጣው መታተም ጀመረ፤ በዚሁ ዓመት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለእነዚህ ሥራዎች ይበልጡን የደከሙት አልጋ ወራሹ ቢሆኑም፥ የተፈጸሙት በንግሥቲቱ ስምና ዘመን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሴት በነገሠችባቸው በእነዚያ ዐሥራ ሦስት ዓመታት ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አልቆመም። የመጀመሪያው የሴቶች ትምህርት ቤት በእቴጌ መነን ስም የተከፈተው ከዘውዲቱ ዕረፍት በኋላ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1931 ነው። ሴት በዙፋን ላይ መቀመጥዋ ብቻ ለሌሎች ሴቶች በር አልከፈተም።

በእነዚያው ዓመታት በሌላው ዓለም የሚደረገው ትግል ሌላ መልክ ነበረው። ዓመቶቹን በአውሮጳ አቆጣጠር ብናስቀምጣቸው፥ በ1893 የኒው ዚላንድ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ፤ በ1906 የፊንላንድ ሴቶች ተከተሉ። በእንግሊዝ አገር ኤመሊን ፓንክኸርስትና ልጆችዋ የመሩት የሴቶች ማኅበር በአደባባይ ተሰልፎ፥ በእስር ቤት ተሠቃይቶ፥ ከምግብም ተከልክሎ ታገለ። በ1918፥ ዘውዲቱ ዘውድ ከጫኑ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ ዕድሜያቸው ሠላሳ የሞላ የተወሰኑ ሴቶች ብቻ እንዲመርጡ ተፈቀደ፤ ከወንዶች ጋራ እኩል የሆኑት በ1928 ነው። የአሜሪካ ሴቶች በ1920፥ የፈረንሳይ ሴቶች በ1944፥ የስዊስ ሴቶች ደግሞ ለመላው አገር ምክር ቤት ለመምረጥ የቻሉት በ1971 ነው።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ሴት ባነገሠች ጊዜ፥ ሠልጥነዋል በሚባሉት ብዙ አገሮች ሴት ድምፅ እንኳ መስጠት አትችልም ነበር። በዚህ ልንኮራ እንችላለን። ልዩነቱን ግን አንርሳ። ለዘውዲቱ የተሰጣቸው መኳንንት መክረው የሰጡት፥ መኳንንትም ሊያጠቡት የሚችሉት ክብር ነው። የእነዚያ አገር ሴቶች የጠየቁት ግን ለአንዲት ልዕልት ሳይሆን ለልብስ ሰፊዋና ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ጭምር የሚሆን፥ በሕግ የተጻፈ መብት ነው።

የተሰጠ ክብር እንደሚጠብ የንግሥቲቱ የመጨረሻ ዓመታት ያሳያሉ። በ1919 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አቡነ ማቴዎስ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ዐረፉ። የንግሥቲቱ ወገን ደከመ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በአንድ ከተማ አንድ ንጉሥና አንዲት ንግሥተ ነገሥታት ተቀመጡ ማለት ነው፤ ሥልጣኑ ግን ሁሉ ወደ ንጉሡ አለፈ።

ይህን ነገር በጌምድር ሆነው የሰሙት ራስ ጉግሣ በ1922 ዓ.ም. ጦር አንሥተው ዐመፁ። የቀድሞ ባለቤታቸውን ክብር ለመመለስ ያስቡ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የንግሥቲቱ መከራ በዚህ ላይ ጸና፤ መንግሥታቸው የሚወጋው ሰው ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት በግድ የተለዩት ባላቸው ነውና። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ የንጉሡ ጦር በደጃዝማች ሙሉጌታ አዛዥነት ከራስ ጉግሣ ጦር ጋራ ገጠመ። በአገራችን አይሮፕላን ለጦርነት ያገለገለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሰማይ ወረቀትና ቦምብ ተጣለ። ራስ ጉግሣም በጦር ሜዳው ላይ ሞቱ።

ከሁለት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.፥ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በኀምሳ አራት ዓመታቸው መቃረቢያ ዐረፉ። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተወርቶአል፤ አስቀድሞ በስኳር በሽታ ይሠቃዩ እንደ ነበርና በኋላም ትኩሳት እንደ ያዛቸው ግን ይታወቃል። የተቀበሩትም ራሳቸው ባሠሩት በበአታ ቤተ ክርስቲያን ከአባታቸው አጠገብ ነው። ንጉሥ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን ካልተናገርን ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ወኪሎቹን በቀጥታ የሚመርጥበት አልነበረም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ፥ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን እንዲመርጥ ተፈቀደ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን ዙፋኑ ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ እንዲተላለፍ ወሰነ። ለሴቶች ሁሉ የምርጫ በር በተከፈተበት ወረቀት ላይ ለሴት የዙፋን በር ተዘጋ። ከሁለቱ በሮች አንዱን ምረጡ ብንባል፥ እኛ ያለ ጥርጥር የምርጫውን በር እንመርጣለን፤ በዙፋኑ በር የምታልፈው አንዲት ናት፥ በምርጫው በር ግን ሚሊዮኖች ያልፋሉ።

የሚያስደንቅ አንድ ግጥምጥሞሽ እንጨምር። በእንግሊዝ ለሴቶች ድምፅ ብዙ ጊዜ የታሰሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት፥ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በጋዜጣቸው ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ወዳጃችን ናቸው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1956 መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ በማግሥቱ ዓመት የኢትዮጵያ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጡም ለማየት በቁ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ነው፤ ዘውዲቱ ንግሥት ከተባሉበት ቀን ልክ አርባ አራት ዓመት መሆኑ ነው። መቃብራቸውም በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ይገኛል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት መቃብሮች አሉ፤ አንደኛው ዘውድ የተሰጣቸው፥ ሁለተኛው መብት የጠየቁ እመቤት ያረፉበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተራምዶአል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ከወንዶች ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ዐሥራ ስምንት ዓመት እንዲሆን ወስነዋል። ከጥቅምት 2011 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ተቀምጦ ብቻውን አይሠራም። በዚህ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች የምንኖር ሁላችን የምናውቀው ነገር አለ። ከእኛ ጋራ አንደኛ ክፍል የገቡ ሴቶች ሁሉ እስከ መጨረሻው ክፍል አብረውን አልደረሱም። አንዳንዶቹ ውኃ በመቅዳትና እንጨት በመልቀም ደክመው ቀሩ፤ አንዳንዶቹም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ተዳሩ። ለስድስት ዓመት ሕፃን ጋብቻ ያን ዘመን የሚወቅስ ሰው፥ በራሱ ደጃፍ የዐሥራ አራትና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስትዳር ዝም ካለ ወቀሳው ከንቱ ነው። ዘውዲቱን ከዚህ ዕጣ የሚያድን ሕግ በዘመናቸው አልነበረም። ዛሬ ሕጉ አለ፤ የጎደለው የሚፈጽመው ሰው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላነሣነው ክርክር መልሳችን ይህ ነው። ኢትዮጵያ ሴት ማንገሥዋ እውነት ነው፤ ክብርም ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ከሁሉ በላይ መቀመጥዋና ሴቶች ሁሉ እኩል መሆናቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያውም የነገሡት እመቤት ራሳቸው በሕፃንነታቸው ሳይጠየቁ ተድረዋል፤ በጉልምስናቸው ሳይወዱ ከባላቸው ተለይተዋል። በራሳቸው ቤት ላይ የማዘዝ መብት ሳይኖራቸው በኢትዮጵያ ሁሉ ላይ ነገሡ። ዛሬ አንዲት የገበሬ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት የፈቀደችውን የማግባት፥ የመማርና ድምፅዋን የመስጠት መብት አላት። በዚህ ነገር እርስዋ ከንግሥተ ነገሥታቱ ትበልጣለች።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንሰናበት ተማሪዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ የምርጫ ካርድ የምንወስድበት ዕድሜ ላይ ደርሰናል። ይህ ካርድ ስንት ሰው ታስሮበት፥ ስንት ሰው ደክሞበት የተገኘ መሆኑን ዐውቀን በክብር እንያዘው። ወላጆቻችንንም የምንለምነው ሴት ልጃቸው የጀመረችውን ትምህርት ሳትጨርስ ከገበታዋ እንዳያስነሡአት ነው። መምህሮቻችን ይህን ታሪክ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት እንዲያስተምሩልን አደራ እንላለን። ትምህርት ቤታችንም ብዙ ዘመን ኖሮ፥ በሚመጣው በዓሉ ከአንደኛ ክፍል አብረው የጀመሩት ወንዶችና ሴቶች አንድም ሳይጎድሉ አብረው ሲመረቁ ለማየት እግዚአብሔር ያብቃን።